ዶላብ ውስጥ የተቆለፈው ዋይፋይ

ሙሐመድአወል ደሴ ላይ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ፣ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ካርቱም የገባ ሰው ነው። ሳጃና ሰፈር ላይ ለመንገዱ ስንቅ ሲፈልግ አንድ የተቃጠለ ስታቢላይዘር ጠገነ። ከዚያ ማራገቢያ መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ሊቢያ በዚያው ቀረች። የሰፈሩ ሐበሻ ዕቃው ሲበላሽ በዓረብኛ ኢንጂነር ለማለት «ባሽሙሃንዲስ» እያለ ይጠራዋል፤ ዕቃው ሲሠራ ግን ስሙንም ይረሳዋል።

በዚያ ጁምዓ ያስጠራችው ሁስና ናት። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ የወሎ ሴቶች በዕረፍት ቀናቸው እሷ ቤት እየመጡ፣ በኮምፒውተሯ ከቤተሰባቸው ጋር ይተያያሉ። የኢንተርኔት ገመዷን አይጥ ስለበላባት፣ የፎቅ ጎረቤቷን ዋይፋይ የምትቀበልበት፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ጣት የሚያክል ዕቃ ገዝታለች። ሻጩ «መሰካት ብቻ ነው» ብሏታል።

ከጎኗ ዛሂራ ተቀምጣለች። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ካለው ከመዳሟ ቤት በስንት ልመና ወጥታ ነው የመጣችው። ልጇ ሀዋ ዛሬ በአስር ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ኒካህ ታስራለች። የዛሂራ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ የሁስና ስልክ ላይ የቀረው ጥቅል ደግሞ ለቪዲዮ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ካልሠራ እናት የልጇን ኒካህ አታይም።

«ሰክቼዋለሁ፣ አይሠራም» አለች ሁስና። «ያው ያንተ ሊኑክስ ነው። ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ይዞ ሲኖር እኔን ለይተህ ጫንክብኝ።»

«እትዬ፣ ዊንዶውሱን በፍላሽ ቫይረስ የገደሉት ደንበኞችዎ ናቸው። እኔ ቀባሪ ነኝ።»

የኮምፒውተሩን ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሥራ ጀመረ። የተሰካውን ሁሉ እንዲዘረዝር ሲያዘው፣ ኮምፒውተሩ ያየው ዋይፋይ ሳይሆን ሲዲ ነው። አንዳንዱ ዕቃ እንዲህ ነው፤ የዊንዶውስ ማስጫኛውን ሆዱ ውስጥ ይዞ መጀመሪያ ሲዲ መስሎ ይቀርባል። ሲዲውን እንዲያስወጣ አዘዘው፤ ዕቃው ወደ ዋይፋይነቱ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ግን ዕቃውን የሚያሠራበት ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የለውም። ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው።

«ኢንተርኔት ለማስገባት ኢንተርኔት ይጠይቀኛል?» አለች ሁስና።

«ይጠይቃል።»

«ይሄን የሠራው ሰው ጤነኛ ነው?»

ስልኳን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞ ድራይቨሩን በዚያች በቀረችው ጥቅል አወረደ። መጫን እንደ ጀመረ ማራገቢያው ቀጥ አለ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። ውጭ አንዱ «ከህረባ ማፊ!» ብሎ ጮኸ፤ መብራት መሄዱን ያላወቀ ያለ ይመስል።

«አስር ገና ነው አይደል?» አለች ዛሂራ።

«እዚህ ገና ነው፤ ኮምቦልቻ ግን በአንድ ሰዓት ይቀድመናል» አላት። ባይነግራት ይሻል ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመረ። በመጨረሻ የጎረቤትየው ዋይፋይ ስም ብቅ አለ፤ ምልክቱም ሙሉ። ዛሂራ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰው።

ቦታው የብረት ዶላብ ውስጥ ነው። የቀድሞውን ኮምፒውተር ሌባ ስለወሰደው፣ የዚህኛውንም ማራገቢያ ሃቡብ የሚሉት አውሎ ነፋስ በአቧራ ስለሞላው፣ ሁስና ብረት በያጅ ዶላብ አሠርታ፣ ለገመድ አንድ ቀዳዳ አስበስታለታለች። ስክሪኑ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ የቪዲዮ ካሜራው ደግሞ ስክሪኑ አናት ላይ። ሳጥኑ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ዋይፋዩ ጠፋ።

ሙሐመድአወል ድራይቨሩን ረገመ። አጥፍቶ አስነሳው፤ የለም። ድራይቨሩን ነቅሎ መልሶ ጫነው፤ የለም። በሩን ከፍቶ ዕቃውን ነቀነቀ፤ መጣ! ቀና ሲል ጠፋ። ደግሞ ከፈተ፤ መጣ። ቀና አለ፤ ጠፋ። በሦስተኛው የሁስናን እጅ ቁልፉ ላይ አየው።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? እየቆለፍኩ ነዋ።»

ራሱን ያዘ። «ብረት ውስጥ ከተው ቆልፈውበት ከየት ይስማ? እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ከድራይቨር ጋር የምታገለው? ክፍቱን ይዋል።»

«ወላሂ አይውልም! ሌባስ?»

«እርስዎ ፊቱ ቁጭ ብለው?»

«የፊተኛውንስ ፊቱ ቁጭ ብዬ አይደል የወሰዱት!»

ዛሂራ መሐል ገባች። «ያላ፣ ወንድሜ፣ የፈለግከውን አድርግ። ልጄ እየተዳረች ነው።»

ዙሪያውን ሲያይ የካሜራውን ማስረዘሚያ ገመድ አገኘ። ነቅሎ በቀዳዳው አሳለፈውና የዋይፋዩን ዕቃ ከዶላቡ ውጭ አንጠለጠለው። በሩ ተቆለፈ፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቆየ። ካሜራው ግን ማስረዘሚያውን ስለተነጠቀ ስክሪኑ አናት ላይ መድረስ አልቻለም፤ ዶላቡ ላይ ተጋደመ።

ኮምቦልቻ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ኢማሙም ንግግር ጀምረዋል። ሀዋ በሹክሹክታ «እማ፣ የታለሽ? ሆድሽ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች።

ዛሂራ ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከችና አገጯን ብረቱ ላይ አሳረፈች። «አሁንስ?»

«አሁን አየሁሽ።»

እንዲያው እንደተንበረከከች፣ አገጯን ሳታነሳ ኒካሁን አየች። ሙሐመድአወል ከኋላዋ ቆሞ የዋይፋዩን ገመድ ይጠብቃል። ሁስና በጎን በኩል ቀስ ብላ መጣችና መቆለፉን ልታረጋግጥ በሩን ሳብ አደረገችው። ምስሉ ተንገዳግዶ እንደገና ተስተካከለ።

«እትዬ፣» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «እጅዎን!»