ሲጋራ ሲቃጠል ምስክር ስሆን

ከዚያ ሁሉ የሰፈሩ ሰው መሃል የጉምሩክ ሰዎች እኔን ለምን መረጡኝ? እስካሁን መልሱን አላገኘሁም።

ሐይቁ ዳር ተጥሎ የተገኘ የኮንትሮባንድ ሲጋራ ነበር። ዱሮ የተያዘ ሲጋራ በጨረታ ይሸጥ ነበር አሉ፤ አሁን ሕጉ ተቀይሮ ነዋሪ በምስክርነት ቆሞ እያየ ይቃጠላል። እኔና አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ተጠራን። ማንበብ የምችለው ቀስ እያልሁ ስለሆነ ፊርማው እያስፈራኝ፣ ልጄን አዝዬ ሄድሁ።

የሲጋራውን ጥቅሎች ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉ ልጄ ከጀርባዬ እጇን ዘርግታ «የኔ! የኔ!» እያለች ጮኸች።

«ይቺ ደግሞ ከአሁኑ ሲጋራ አማራት!» ብሎ የጉምሩኩ ተቆጣጣሪ ሳቀ።

«ተዋት ልጄ፤ ሕፃን ያየውን ሁሉ የኔ ይላል» አሉ ሽማግሌው።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዱ ጥቅል የታሰረው በልጄ ብርድ ልብስ ነው። የተቀደደ ጫፉን በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። አባቷ በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት እህል ያመላልሳል፤ ንፋሱ ይበርደኛል ብሎ የወሰደው እሱ ነው።

ልጅቷን ወደ ደረቴ አዙሬ ጡቴን አጎረስኋት። እሳቱ ተለኮሰ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጡኝ፤ «ዕቃው የማን እንደሆነ ምስክሮችም አያውቁም» ይላል። ፊደል በፊደል አነበብሁት፤ ፈረምሁ።

ቤት ስደርስ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ምንም ሳልጠይቀው፣ «ብርድ ልብሱን እኮ ደቅ ረሳሁት፤ በሚቀጥለው ስሄድ አመጣዋለሁ» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።