ካሳነሽ ማለት

ሙስካት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ጆሮዬን ሊያስመረምሩኝ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ጆሮዬ ግን ምንም አልነበረበትም።

የተቀጠርኩበት ቤት ሲብ ውስጥ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። ቤተሰቡ ትንሽ ነው፦ አስተማሪ የሆነችው ማዳሜ፣ ባሏ፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውና የባልየው እናት። ማዳሜን «ማማ»፣ ባሏን «ባባ»፣ አሮጊቷን ደግሞ «ማማ ከቢር» እንድል ተነገረኝ፤ ትልቋ እማማ እንደማለት ነው። ትክክለኛ ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ የምጠይቅበት ቋንቋም አልነበረኝም። ያኔ የማውቀው ዐረብኛ ያላ፣ ማፊ እና ኻላስ ነበር፤ እንሂድ፣ የለም፣ በቃ እንደማለት ነው። በእነዚህ ሦስት ቃላት ሳምንት ሙሉ መኖር እንደሚቻል አይቻለሁ።

ከእኔ በፊት እዚያ ቤት አራት ዓመት የሠራች አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ነበረች። ስሟ ሲቲ ነው። ሕፃኗ አፏን የፈታችው በእሷ እቅፍ ውስጥ ስለሆነ እኔንም ገና ሳቅፋት «ሲቲ» አለችኝ። ቤተሰቡም የልጅቷን አፍ ተከትሎ ሲቲ ይለኝ ጀመር። ክፋት አልነበረበትም፤ ምላሳቸው ለምዶት ነው። ይህን ሁሉ ግን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ «ሲቲ» ማለት ለእኔ ከተማ ማለት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ማዳሜ ከሳሎን «ሲቲ!» ስትል፣ ከተማ ልትሄድ ነው ብዬ ሽንኩርቴን መክተፌን እቀጥላለሁ። «ሲቲ! ሲቲ!» ስትል፣ ዛሬስ ቸኩላለች እላለሁ። አንድ ቀን «ሲቲ፣ ያላ!» አለችኝ። ያላ እንሂድ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሮጬ ክፍሌ ገባሁ፣ ሽርጤን ፈትቼ ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጫማዬን አደረግሁና በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ለካ የፈለገችው አንድ ብርጭቆ ውሃ ኖሯል። ከእግሬ እስከ ራሴ ስታየኝ ቆየችና ራሷ ሄዳ ቀዳች። በማግስቱ ከማማ ከቢር ጋር ጆሯቸውን እየነካኩ፣ እኔን እያዩ ሲነጋገሩ አየሁ።

ሐኪሙ ጀርባዬን ሰጥቼው እንድቀመጥ አደረገኝ። ከኋላዬ ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከፓስፖርቴ ላይ የተገለበጠውን ስሜን በሹክሹክታ አነበበ።

«ካሳነሽ።»

«አቤት!» ብዬ ከወንበሩ ላይ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም በስሜ አልጠራኝም ነበር። ድምፄ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደወጣ የገባኝ ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረች ሴት መወልወያዋን እንደያዘች በሩን ከፍታ አንገቷን ስታስገባ ነው። «አቤት ያለችው ማናት? ሐበሻ አለ እንዴ እዚህ?»

የደሴ ልጅ ናት። ሙስካት ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ሐኪሙን በዐይኗ አስፈቀደችና ገባች።

«አብሽሪ እህቴ፣ ምንሽን አሞሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። ጆሮዬን መሰለኝ።»

ከማዳሜ ጋር በዐረብኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። «አንቺ፣ ሲቲ ብለው ሲጠሩሽ ለምን አቤት አትዪም?»

«እኔን ነው እንዴ? ከተማ እንሂድ የምትለኝ መስሎኝ ነዋ!»

ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች። ሳቋን እንደምንም ይዛ ስትተረጉምላት ማዳሜም በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና መሳቅ ጀመረች፤ ሐኪሙ ደግሞ የሁለቱን ሳቅ አይቶ። በኋላ እንደተነገረኝ «ጆሮዋ ከእኔም ይሻላል» ብሎ ነው የሸኘን። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በእኛ አገር አዲስ ስም የሚወጣላት ሙሽራ ናት፤ አማቷ ቤት ስትገባ ነው የሚወጣላት። «ሳላገባ የሙሽራ ስም ወጥቶልኝ ከረመ በያ!» አልኳት። እሷም ተረጎመችው፣ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ማዳሜ ዕንባዋን ጠራርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ስምሽ ትርጉም አለው ወይ ነው የምትልሽ» አለችኝ የደሴዋ ልጅ። መልሴንም አልጠበቀችም፤ ካሳነሽ ማለት ምን እንደሆነ ማን ሐበሻ ያጣዋል? ትንሽ ቃል ፈለገችና አስረዳቻት። ከእሷ በፊት የተወለደች ልጅ ሞታ ነበር፤ እግዚአብሔር በሞተችው ፋንታ ይህችን ሰጣቸው፤ ካሳችን አንቺ ነሽ ብለው ስም አወጡላት።

ማዳሜ ሳቋን አቆመች። መኪና ውስጥ ስንገባ ስልኳን አውጥታ ቤት ደወለች። ከንግግሯ ሁሉ እየተደጋገመ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ «ኸለፍ»።

ቤት ስንደርስ ማማ ከቢር የግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከወንበራቸው የሚነሡት ለስግደት ብቻ ነበር። እጄን ያዙና «ካስነሽ?» አሉ።

«ካሳነሽ።»

«ካሰነሽ።»

«ካሳ፣ ነሽ።»

በሦስተኛው አገኙት። ከዚያ እጄን ሳይለቁ ሳሎን ወስደው የልጃቸውን፣ የባባን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። «ኸልፋን» አሉኝ። ስሙን ያን ቀን ሰማሁ። ጠቋሚ ጣታቸውን አቆሙ፣ መልሰው አጠፉት፣ ከዚያ መሐል ጣታቸውን አቆሙ። አንዱ ሄደ፣ ሌላው መጣ። ደግመው ደረቴን ነካ አድርገው «ካሳነሽ፣ ኸልፋን፤ ሰዋ ሰዋ» አሉ። ሰዋ ሰዋ እኩል፣ አንድ ዓይነት ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ።

ሙሉውን ታሪክ የነገሩኝ ዐረብኛዬ ከተፈታ በኋላ ነው። ማማ ከቢር ያደጉት ቀንጠብ፣ በተራራና በባሕር መካከል በተሸጎጠች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የበኩር ልጃቸው እዚያ በአርባ ቀኑ ሞተባቸው። በዓመቱ ባባ ሲወለድ፣ አላህ በሄደው ፋንታ ሰጠን ብለው፣ ምትክ ከሚለው «ኸለፍ» አውጥተው ኸልፋን አሉት።

«ልጅ ሆኖ በስሙ ይቀየመኝ ነበር» አሉኝ። «የሰው ምትክ ነኝ ወይ ይለኛል።»

የያዝኩትን ፎጣ አስቀመጥኩ። በአሥር ዓመቴ እናቴን ያልኳት ይህንኑ ነበር፤ የትምህርት ቤት ልጆች «ካሳ ክፈይን» እያሉ አስለቅሰውኝ ገብቼ። እናቴ አስቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኝ ጀመር።

«ታዲያ ምን አሉት?» አልኳቸው።

«የምትበላው እኮ የሁለት ሰው ነው፤ ሁለታችሁም እቤት ናችሁ ማለት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝም አያውቅ፤ መብላቱንም አልተወ።»

ያን ሰሞን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ስሟ ማን ነበር?»

«ምን ነክቶሽ ነው ዛሬ፣ ከዐረብ አገር ሆነሽ?» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ልዘጋው ስል ግን ስሟን ነገረችኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወሬው መጣላት። ገና በአምስት ወሯ ጥርስ አብቅላ እንደነበር፣ የቄሱን ጢም አልለቅም ብላ ሰው እንዳሳቀች፣ የአባቴን ጋቢ ካልያዘች እንደማትተኛ። እናቴ ስትስቅ ሰማኋት። ስለዚያች ልጅ ስታወራም፣ ስትስቅም ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የእናቴ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ እህት አለችኝ።

ማማ ከቢር ደግሞ ስም የሚባል ነገር ያዛቸው። «ነሽ» ማለት አንቺ ነሽ ማለት እንደሆነ ከነገርኳቸው በኋላ በቤቱ ውስጥ ስም ያልወጣለት አልቀረም። ሕፃኗን ጨረቃ ነሽ ሲሉ «ቀመርነሽ» አሏት። ስኳራቸውን የምትቆጣጠርላቸውን ነርስ «ሱከርነሽ» አሏት፤ ነርሷ ሙገሳ መስሏት አመሰገነች። ባባ ከሥራ ሲገባም «ኸልፋንነሽ» ሲሉት፣ «ማማ ከቢር፣ ለወንድ ‹ነህ› ነው» ብዬ አረምኳቸው። «እናቱ ነኝ፣ እንደፈለግሁ እጠራዋለሁ» አሉኝ።

አንድ ዓርብ ቤተሰቡ በሙሉ ቀንጠብ ሄድን። ቁሩም በሚባለው ሰፈር በኩል ስናልፍ ማማ ከቢር ቁሩም ማለት ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ነው ብለው በመስኮት አሳዩኝ። ቀንጠብስ አልኳቸው። «ቀንጠብማ ቀንጠብ ነው» አሉ። እኔ ግን ስደርስ የመሰለኝን አየሁ፤ ባሕሩ ተራራውን ከዚህም ከዚያም በጣቱ ቀንጠብ፣ ቀንጠብ አድርጎ የበላው ይመስላል። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ከቂጣዬ ጫፍ ቀንጥቤ ሳሳያቸው፣ ጀልባ ሲጠግኑ የነበሩትን ዘመዶቻቸውን ሁሉ ጠርተው «ነይ አሳዪያቸው» አሉኝ። ቂጣዬ እስኪያልቅ ቀነጠብኩ።

የጎረቤቶቻችን ሠራተኛ የጎንደር ልጅ ናት፤ ስሟ ዘነበች። ትርጉሙን ማማ ከቢር ሲሰሙ «መጠር!» ብለው ተነሡ። መጠር ዝናብ ነው፤ እነሱም ለሰው ስም ያወጡታል፤ የአጎታቸው ስም ነበር። ያን ዓመት ዝናብ ሽታውም አልነበረም። አንድ ረፋድ ከተራራው በኩል ትንሽ ደመና ብቅ ሲል ማማ ከቢር ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

«ጥሪያት» አሉኝ።

«ምን ልበላት?»

«ስሟን ብቻ ጥሪ።»

«ዘነበች! ዘነበች!» አልኩ። አልዘነበም። ዘነበች እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለችን። ነገሩን ስነግራት ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ራሷን እየነቀነቀች ገባች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ግን ወረደ። እንዲያው መውረድ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ ወንዝ ሆነ። ጣራ ላይ ያሰጣሁትን ልብስ ልሰበስብ ስወጣ ዘነበችም በእነሱ ጣራ ላይ አንሶላ ታቅፋ ትሮጣለች። ሁለታችንም በስብሰናል።

«እኔ እኮ የተወለድኩት ሐምሌ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። «ጎንደር ሐምሌ ላይ ማንም ቢወለድ ይዘንባል በያቸው!»

ወርጄ ነገርኳቸው። ማማ ከቢር አልተቀበሉም። ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ አንድ ሳህን ሙሉ አስይዘው፣ ጃንጥላ ሰጥተው፣ «ለመጠር አድርሺ» ብለው ላኩኝ። ዘነበች በሩን ከፍታ ሐልዋውን አየች፣ እኔን አየች፣ በጣቷ ቀመሰችና ሳህኑን ተቀበለችኝ።

«በያቸው» አለችኝ፣ «ለከርሞው ቀደም ብለው ይንገሩኝ፤ ልብሴን ቀድሜ እንዳወርድ።»