ለጋሽ ንጉሤ ያወጣሁት የአንድ ቀን ፕሮግራም

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዴንቨር ሎውሪ ሰፈር፣ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሶፋው ላይ ተመቻችቼ ምስጋና እየተቀበልኩ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይገባኛል ብዬ ነው የተቀበልኩት።

ጋሽ ንጉሤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በገዛ መኪናቸው፣ ያን ሁሉ በረዶ ችለው። የእግረኛ መንገድ ላይ ስወጣባቸው እንኳ «አይዞሽ፣ ጎማው ደህና ነው» ነበር የሚሉት። እና ሜልበርን ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ጃፓን ላይ አንድ ቀን እንደሚያርፉ ስሰማ፣ «ፕሮግራሙን ለእኔ ይተዉት» ብዬ ዘው አልኩ።

እሳቸውም የሚፈልጉትን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። የከተማው ስም፣ «አንድ ቀን»፣ «ብዙ ደረጃ አልችልም»። በቃ። ወረቀቱን ዓይኔን ጣል አድርጌበት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ትኬታቸውንም አይቻለሁ፤ ከዴንቨር በቀጥታ ቶኪዮ። ምን ጥያቄ አለው?

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ስለሆነ በጉልበትና በሽንት ቤት ጉዳይ ማንም አያስተምረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በብሬክ ሰዓቴ ፕሮግራሙን ስሠራ ከረምኩ። የትኛው ጣቢያ አሳንሰር አለው፣ የትኛው መናፈሻ ውስጥ ወንበር አለ፣ ቀለል ያለ ምግብ የት ይገኛል... ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት የቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ፣ ማምሻውን ረጅሙ ግንብ ላይ በአሳንሰር። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በስልክ ላክሁላቸው። «ተባረኪ» ብለው መለሱ። በሳምንቱ በከለር ፕሪንት አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ያ ነው እንግዲህ ቅዳሜው።

አንድ በአንድ ሳስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እንዲህ የለፋልኝ ሰው የለም አሉ። ደግመው አመሰገኑ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ...

«ለማወቅ ያህል ነው እንጂ... እዚህ ከጻፍሽው ሆቴል ኪዮቶ ድረስ በባቡር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

እኔም እንደ አዋቂ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። ኪዮቶ ሌላ ከተማ ናት፣ የጥንት ከተማ፣ በጣም ሩቅ። ያለችዎት አንድ ቀን ስለሆነች ቶኪዮን ረጋ ብለው ቢያዩ ይሻላል ብዬ መከርኳቸው። «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» አሉ።

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ ሮማን ከኩሽና ብቅ አሉ።

«ሳምንቱን ሙሉ እኔን ከምታደርቀኝ ለሷ ንገራት እንጂ።»

ጋሽ ንጉሤ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ሮማን ወደኔ ዞሩ።

«ኪዮቶ ብሎ ነው የጻፈልሽ። ልጅቷ ደክማበታለች፣ ተሳሳትሽ ማለት ነውር ነው ብሎ ቶኪዮን ሊያይ ተዘጋጅቷል።»

ቦርሳዬን ሶፋው ላይ ዘረገፍኩት። ወረቀቱ አለ። ኪ... ዮ... ቶ። እኔ ቶኪዮ ብዬ ነው ያነበብኩት። ሦስት ፊደል፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይጨመር፣ ቦታ ብቻ ተቀያይሮ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ፊደሎቹ እኮ ያው ናቸው» አሉ ጋሽ ንጉሤ፣ ጭራሽ ለእኔ ጥብቅና ቆመው።

ለምን ኪዮቶ እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ለጨርቅ ማቅለም ሥልጠና ስምንት ወር ኪዮቶ ተልከው ነበር። ወንዝ ዳር፣ አንዲት ባለ ሱቅ ሴትዮ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ የአባታቸው መርዶ በደብዳቤ ደረሳቸው። አብሮ የሚያለቅስ ዘመድ የለ፣ የሚያጽናና ጎረቤት የለ። ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳይገባት ነገሩ ገባት። ሱቋን ዘግታ፣ ሩዝ እየቀቀለች፣ ሦስት ቀን አጠገባቸው ተቀመጠች። ለቅሶ ደረሰቻቸው ማለት ነው፣ ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት። እሳቸው ግን ሲመለሱ ልጅነትም ጥድፊያም ሆኖ በቅጡ ሳያመሰግኗት ወጡ።

«በሕይወት እንደሌለች አውቃለሁ» አሉ። «ደጃፏ ላይ ቆሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበላት ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጊዜ በዚያ አላልፍም።»

እኔን ላለማሳፈር ሊተዉት የነበረው ይህንን ነው! ይሉኝታ አውቃለሁ፣ ይሉኝታ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ሳቅኩ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሦስታችንም እንደ አዲስ ጀመርነው። ማለዳ በፈጣኑ ባቡር፣ ሁለት ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ደረጃ የማይበዛበት አንድ ቤተ መቅደስ። ከሰዓት ሜዳ ሜዳውን በወንዙ ዳር እስከ ሴትዮዋ ሰፈር። ማምሻውን መመለስ። ምሳው ቀርቦ ቀዘቀዘ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ የድምፅ መልእክታቸውን ከፈትኩ። ቤቱ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል ይላሉ።

«ቢሆንም ቆሜ፣ በምታውቀው ቋንቋ አመሰገንኳት። ጥበቃው ለሱ መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ... እኔም ጎንበስ አልኩ። ልጄ፣ ምስጋናዬን የተቀበለኝ ሰው አገኘሁ። ተባረኪ።»

እኔም መሪውን እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩ... ቀና ያልኩት ከኋላ ያሉት መኪኖች በሙሉ ክላክስ ሲያስጮሁብኝ ነው።