የአባትየው ወንበር

መጠጥ ያቆምኩት ለጤናዬ ብዬ አይደለም። ለነፍሴም አይደለም። ታላቅ ወንድሜን ለማቃጠል ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች አሉ፤ ደስ አይበላቸው።

የትልቋ ልጄ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ወንድሜ ጓዳ አስገብቶ ቆለፈብኝ። ድምፅ እንዳላሰማ ጠርሙስም አስቀመጠልኝ። ጠርሙሷን ጨረስኳት፤ አልክድም። በግድግዳው በኩል ግን «አባትየው ትንሽ አሞታል፤ በእሱ ቦታ እኔ አለሁ» ሲል ሰማሁት። ልጄን የዳራት እሱ ነው። የዚያን ቀን ፎቶ ላይ በእኔ ወንበር እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ያቺን ፎቶ ፒያሳ ባለው ወርቅ ቤቱ ውስጥ ሰቅሏታል፤ እኔ ደግሞ ሰዓት የምጠግንባት ሱቅ እዚያው መንገድ ላይ ናት። ስሄድም ስመለስም አያታለሁ።

መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች ማህበር እንዳላቸው ወሬውን ያመጣልኝም እሱ ነው፤ ለስድብ። ሱቄ አጠገብ ባለው ኬክ ቤት በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አምስት ኪሎ የሰካራም እድር ተቋቁሟል አሉ፤ ሂድና ሊቀመንበር ሁን!» አለኝ። ማኪያቶ ይዞ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ትንሿ ልጄ ልታገባ መሆኑን የሰማሁት ያን ሰሞን ነበር። ሽማግሌዎቹን የሚቀበለውም እሱ እንደሆነ ተወስኗል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያንን ወንበር ካልያዝኩ ሰው አይደለሁም ብዬ እዚያው ማልኩ።

የፒያሳ ግማሹ ሲፈርስ የምጠጣባቸው ቤቶች አብዛኞቹ አብረው ፈርሰዋል፤ የቀሩትን ግን ዓይኔን ጨፍኜም አገኛቸው ነበር። ማህበሩን ማግኘት ከዚያ ይከብዳል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ጠበል ይጠቁመኛል። አንድ ባለሱቅ ማህበር እየፈለግኩ መሆኑን ሲሰማ አዝኖልኝ፣ እጄን ይዞ እሱ ወዳለበት የጽዋ ማህበር ወሰደኝ። ገና ሳልቀመጥ ጠላ ቀረበልኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ አምስት ኪሎ፣ አንድ የእድር መጋዘን ውስጥ አገኘኋቸው። በተጠቀለሉ ድንኳኖችና በትልልቅ ድስቶች መሃል ጥቂት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰብሳቢዋ ድሮ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት የነበራቸው ባልቴት ናቸው።

«ምን አመጣህ ልጄ?» አሉኝ።

«በቀል» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ባዶ እጁን ከመጣ ሰው ትሻላለህ፤ ተቀመጥ» አሉኝ።

እዚያ ቤት አንድ ልምምድ አለ። አንዱ ቀዝቃዛ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ይነሳና «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ ይለምናል፤ ሌላው እምቢ ማለት አለበት። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን በየሳምንቱ እወድቅ ነበር። ሰው በሞቱ ሲለምነኝ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል፤ ያደግነው እንደዚያ ነው፤ የሰው እጅ ተዘርግቶ እንዲቀር ማድረግ ነውር ነው። ባልቴቷ ተናደዱብኝ። «እኔ በዚህች በሞቴ ስንቱን አስክሬ ሸኝቻለሁ፤ ይኸው አልሞትኩም! እጁን ተወው ይንጠልጠል። ብርጭቆው ሲከብደው ራሱ ያስቀምጠዋል።» ከዚያ ወዲያ ሻይ ይዞ የሚነሳውን ሁሉ በሐሳቤ ወንድሜን አደረግኩት። እምቢ ማለት ቀለለኝ፤ እንዲያውም ጣመኝ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ቀን ሱፌን ለብሼ፣ ከሁሉ ቀድሜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ሲገባ ደነገጠ።

«ተነስ እንጂ፣ ሰዎቹ ሊመጡ ነው» አለኝ።

«ሰዎቹ የሚመጡት ወደ አባትየው ነው» አልኩት።

ትንፋሼን ለማሽተት ጎንበስ አለ። ደህና አድርጌ ተነፈስኩለት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ እኔም እሺ አልኩ። እልልታው ሳያበቃ ወንድሜ እነሱ ያመጡትን ውስኪ ከፍቶ አንድ ብርጭቆ ሞላና ፊቴ ቆመ።

«ለልጅህ ደስታ፣ አንድ ብቻ፣ በሞቴ!»

ትንሿ ልጄ ትሪ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ሲንቀጫቀጩ ይሰማኛል። የውስኪው ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ አፌ ምራቅ ሞላ። ፈለግኩት፤ ውሸት ምን ያደርጋል። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ኧረ አፈር ስሆን!» ብሎ ደገመ።

እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብርጭቆው ከበደው፤ ውስኪው ጣቶቹ ላይ ፈሰሰ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። በኋላ አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ አባትየውን ተዋቸው» አሉት። አባትየውን! ወንድሜ ሳቅ ለማለት ሞከረና ብርጭቆውን ራሱ ጨለጠው። ከዚያ ደገመ፤ ሠለሰም።

እንግዶቹ ሲወጡ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ክንዱን ይዤ እስከ ታክሲው ሸኘሁትና ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ አምስት ኪሎ፣ እድሩ መጋዘን» አልኩት። ለደግነት አልነበረም።

ባልቴቷ «አሁንስ በቀልህን አልጨረስክም?» ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እቀመጣለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ማየት አለብኝ፤ ቀዝቃዛውን ሻይ ይዤ ተነስቼ በሞቴ የምለው እኔ ነኝ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ጠብታ አልቀምስም።