ስንጥቁ አንገቱ ላይ

ሊሳንያስ በአንጾኪያ የብር መምቻ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መዶሻ ሲያነሣና ሲጥል ግራ ጆሮው የደነቆረ ሰው ነው። ረዳቱ ሞኪሞስ የጋለ የብር ቁራጭ በጉጠት ይዞ ማተሚያው ብረት ላይ ያስቀምጣል፤ ሊሳንያስ ይመታል፤ የንጉሡ ፊት ታትሞ ይወጣል።

"ንጉሡን ቀን ሙሉ እየደበደበ ደመወዝ የሚበላ አንተ ብቻ ነህ" እያለ ይቀልድበታል ሞኪሞስ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ግን ቀልዱ ጠፋ። ሞኪሞስ የታተመ ብር አንሥቶ እያየ ክው አለ።

"ጉድ ፈላ! ማተሚያው ተሰንጥቋል። መስመሩ የት እንደወጣ እየው፤ ንጉሡ አንገት ላይ! የታረደ ነው የሚመስለው።"

"አፍህን ዝጋ!" አለ ሊሳንያስ። አምና ማተሚያው ላይ የንጉሡን አፍንጫ አጣሞ የቀረጸው ሠራተኛ እስካሁን የገባበት አልታወቀም። የተበላሹትን መልሰው ሊያቀልጡ ሲያፍሱ፣ የቤቱ ሹም ድራኮን ላብ በላብ ሆኖ ገባና አንዱን ከሊሳንያስ መዳፍ ነጠቀው። አገላብጦ አየው። ከዚያ በሩን ዘጋ።

"ጌታዬ፣ አጵሎን ምስክሬ ነው፤ ብረቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" አለ ሊሳንያስ እግሩ ላይ ወድቆ።

"ንጉሡን ትናንት ድንኳኑ ውስጥ አርደውታል" አለ ድራኮን። "መልእክተኛው ከፈረሱ የወረደው አሁን ነው፤ ከእኔ በቀር የሰማ የለም።"

ጎንበስ አለና በደህናው ጆሮው በኩል አንሾካሾከ፦

"ለአንተ ማን ነገረህ?"