እስከ መጨረሻው ዘፈን

እዚህ ቤይሩት፣ ሀደት ሰፈር ውስጥ በሰዓት እየተከፈለኝ የማጸዳው የትምህርት ቤት አዳራሽ ወንበሮቹ ተጣጣፊ ናቸው። መቀመጫውን ጠርጌ ስለቀው ጧ ብሎ ይታጠፋል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የፊልም ቤቱ እሁድ ይመጣብኛል፤ ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጅዴይዴ ሰፈር፣ ማዳሜ ቤት እያደርኩ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ ትፈቅድልኝ ነበር፤ ግን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት መገኘት አለብኝ። "አንድ ደቂቃ ብታሳልፊ ኸላስ፣ እሁድ የሚባል የለም" ብላኛለች።

ጓደኛዬ ግን ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ፣ ያለ ወረቀት፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ክፍል ተጋርታ ነበር የምትኖረው። ፖሊስ ባየች ቁጥር ልቧ ቢመታም ሳቋ አይቀንስም። የዚያን ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዬን ከላዬ ገፍፋ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ያላ፣ ዛሬ ፊልም አሳይሻለሁ" አለችኝ።

ፊልሙ የድሮ የፈረንጅ ዘፈኖችን አገጣጥሞ የፍቅር ታሪክ ያደረገ ነበር። ሰዎቹ ሲጣሉም ይዘፍናሉ፣ ሲታረቁም ይዘፍናሉ። ዘፈኖቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ! ማዳሜ ሬዲዮ ስትከፍት፣ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ስንት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ። ሰው የሚጨፍርባቸው መሆኑን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

እረፍት ተብሎ መብራቱ ሲበራ መሬቱ ላይ ፈንዲሻ ተበትኗል። ሳላስበው አጎንብሼ መልቀም ጀመርኩ። ከኋላችን የተቀመጠች ሴትዮም "መርሲ" ብላ የጨረሰችውን ካርቶን ሰጠችኝ። ተቀበልኳት እኮ! ጓደኛዬ ከእጄ ነጥቃ መለሰችላት።

"ማዳም፣ እሷም እንዳንቺ ቲኬት ቆርጣ ነው የገባችው" አለቻት በዓረብኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ደግሞ ተቀመጪ! ያኒ እሁድም ልታጸጂ ነው?"

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ማንም ሳያዘው በጎነበሰው ወገቤ ተናደድኩ።

የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ያኔ ብወጣ በሩጫ እደርሳለሁ። አዳራሹ ሽማግሌ አሮጊት ሳይል ተነስቶ ያጨበጭባል። ጓደኛዬ ሰዓቴን አየችና "ሂጂ፣ አልቀየምሽም" አለችኝ።

አልሄድኩም። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም ነበር። ተነሳሁና ትርጉሙን የማላውቀውን ቃል እየጠራሁ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ዘፈንኩ፤ ትከሻዬንም በአገሬ እስክስታ ሰበቅኩት።

ማዳሜ እንዳለችው አደረገች። ስልኬን ወሰደችብኝ፤ እሁድ እሁድም በሩ ይቆለፍብኝ ጀመር። ጓደኛዬ ሦስት እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ጠብቃኝ ነበር አሉ። በሦስተኛው ስትመለስ ኬላ ላይ ተይዛ አገር ቤት ተላከች። ይህን የሰማሁት እኔም ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው። ቁጥሯ አይሠራም፤ ያለችበትን የሚያውቅም አላገኘሁም።

"ምናለ በጊዜ ብትወጪ ኖሮ?" ይሉኛል። ስትጠብቀኝ ሳስባት አለቅሳለሁ፣ አልዋሽሽም። መዝፈኔን ግን አልጸጸትበትም፤ ብጸጸት የምትቆጣኝ እሷው ናት።