ባዶዋን ያልተመለሰች ቁና

ዛሬ ጧት፣ ባሏ ታሞ ከተኛ ወር ያለፈው ጎረቤቴ ሳህኔን መለሰችልኝ። እሑድ ዳቦ ልኬላት ነበር፤ ሳህኑን በሽንብራ ሞልታ አመጣችው። ተቀብዬ መረቅኋት። ከሄደች በኋላ ግን ሽንብራውን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ይህን ያህል ዘመን ኖሬም አልተማርሁም ማለት ነው።

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጉና ሥር ካለ መንደር ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት። ከወንዙ ማዶ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ባላቸው ዱር ቤቴ ስላሉ ጣሊያኖች መጥተው ቤታቸውን ከነጎተራው አቃጠሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ እንዲደርሳቸው ተናገሩ።

እኔ የሰፈርሁት እናቴ ለሠርጌ በሰፋችልኝ፣ አፏ ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ በሆነች ቁና ነው። ስወጣ አማቴ፣ "በነጠላቸው ላይ ገልብጪላቸውና ቁናሽን ይዘሽ ነይ። ከተውሽባቸው ባዶዋን መመለስ ይጨንቃቸዋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ጨውም ቢሆን ጣል ይደረግበታል።

ስደርስ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበዋል። "እጇ ይባረክ የሰፋችው!" እያሉ ቁናዬን ሲያደንቁ ልቤ አበጠ። "መያዣ የለዎትምና እዚሁ ትቆይ" ብዬ፣ ሁሉ እያየልኝ ትቻት መጣሁ። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ጉራ ነበር እንጂ።

ሳምንታት አለፉ። ቁናዬ ስትዘገይብኝ ማኩረፍ ጀመርሁ። ሰኔ ሲገባ፣ ከገሳይ ገበያ ስመለስ በጭቃው መንገድ ታጥፌ ሄድሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በቅጠል ከከደኑት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው አንዲት የገብስ ቂጣ ለሦስት ይቆርሳሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"እስኪሞላልኝ ብዬ ነው የዘገየሁብሽ፣ ልጄ" አሉና ቁናዬን አወጡ። እስከ ግማሿ ገብስ ነበረባት።

"ኧረ ይተዉ፣ ምን ያደርጋል?" አልሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለወጉ ያህል።

"ባዶ ዕቃ አስይዤሽ ምን ልባል ነው? ውሰጂ በሞቴ!"

ወሰድሁ።

ቤት ስደርስ አማቴ ከገብሱ ዘገን አድርገው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ፍሬው አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ነቀዝ እንዳይበላው አመድ የተነሰነሰበት ነበር። "ይህ እኮ ዘር ነው!" አሉ። "ከሰጠናቸው ላይ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ለክረምቱ ያስቀመጡት! አሁኑኑ መልሺ!"

አፍሬ ነበርና "ነገ" አልሁ። በማግስቱ ወንዙ ሞላ። በአራተኛው ቀን ስሻገር ጎጆው ባዶ ነው። ጎረቤታቸውን እርሻቸው ዳር ቆሞ አገኘሁት።

"ትናንት በሬዎቼን ጠምጄ መጥቼላቸው ነበር" አለኝ። "የምዘራው የለኝም ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ወንዛዬ ወደሚባለው አገር ወረዱ።"

ገብሱን ባለቤቴ እዚያው እርሻቸው ላይ ዘራላቸው። ኅዳር ላይ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ለእሳቸው ተብሎ ተቀመጠ። ጣሊያን ወጣ፤ ባላቸው ከዱር ተመልሰው ፈለጓቸው። እትዬ ጥሩወርቅን ግን ያየ ሰው አልተገኘም።

ይህን ስጽፍ ሽንብራው ፊቴ ነው። ምናልባት የሳምንት ወጣቸው ይሆናል። "ነገ እመልስላታለሁ" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በመካከላችን እኮ ወንዝ የለም፤ አጥር ብቻ ነው። ሽንብራውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አሁኑኑ ልሂድ። ሳህኑ እዚሁ ይቀራል።